ጠዋት ጠዋት የሚጮኸው ቺንጋ

ኡም ሰያላ፤ ወርኃ ሰፈር 20 ቀን 1416 ሂጅራ

ለወንድሜ ለሐሰቦ፣ ጂዳ

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለህበት ይድረስህ። በመሃላችን ባሕር ቢኖርም ስምህ ከቤታችን ጠፍቶ የዋለበት ቀን የለም። ሁላችንም ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። ይህን የምጽፍልህ እኔ የአጎትህ ልጅ በቱል ነኝ። ወንድምህ ዓውድ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በአፉ የመኪና ድምፅ እያሰማኝ ነው።

በመርከብ የላክህልን ነጭ ፒክአፕ መጮህ ጀምሯል። ምን ዓይነት ድምፅ ነው ብዬ ስጠይቀው ዓውድ «እርርር» ይለኛል። እርርር ብዬ ብጽፍልህ ምን ይጠቅምሃል? እኔ እንደሰማሁት ወፍጮ ውስጥ ጠጠር ገብቶ የሚፈጭ ይመስላል። ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ ይጨምራል፣ ሲለቀው ይቀንሳል። በዚያ ላይ ከመሪው ኋላ ካሉት መብራቶች አንዷ፣ የባትሪ ሥዕል ያለባት ቀይዋ፣ መንገድ ላይ ትበራለች። መጀመሪያ ብልጭ ብላ ትጠፋ ነበር፤ ሰሞኑን ግን እንደበራች ትውላለች።

አትባራ ያለው መካኒክ ኡስታ ሱሩር ገና ኮፈኑን ሳይከፍት ባትሪው ነው አለን። ባትሪው ተቀየረ፤ መብራቷ ግን ከምንም አልቆጠረችውም። ዓውድ አሁን በላይዋ ላይ ፕላስተር ለጥፎባታል፤ ስላላያት የጠፋች መስሎታል።

እኔ የምፈራው ለመኪናው አይደለም። አክስቴ ሩቀያ በየሳምንቱ እሑድ አትባራ የልብ ሐኪሟ ዘንድ መቅረብ አለባት። እናትህ ናትና ደህና ናት ብቻ ብዬ ላልፈው አልችልም፤ በዚህ ክረምት ደክማለች። ሐኪሙም ፀሐይ እንዳይመታት አጥብቆ አስጠንቅቆናል። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ግማሽ ቀን ሙሉ አሸዋ፣ ዛፍ የለ፣ ሰው የለ። መኪናው እዚያ መሃል ቢቆም ምን እንደምናደርግ አላውቅም። ምን እንደሆነ ገምተህ ቶሎ ጻፍልን።

እናትህ ጻፊልኝ ያለችው ይህ ነው፦ «ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ የታመመችው መኪናህ ናት። ዓውድ ጉድጓድ ሲያይ እንደ ዘመድ ሄዶ ካልሳመው አያልፍም። አንተ ታላቁ ነህና ገሥጽልኝ።»

እህትህ በቱል

*

ጂዳ፤ ረቢዕ አል-አወል 6 ቀን 1416

ለእህቴ ለበቱል

አላህ እጅሽን አያዝለው። ደብዳቤሽን መርከበኛው ኢድሪስ ጋራዥ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ፤ በቅባት እጄ ስለከፈትኩት ጥጉ ጠቁሯል። ሁላችሁም ደህና መሆናችሁን ስላነበብኩ አላህን አመሰገንኩ። ስለ እናቴ የጻፍሽው ግን ከሆዴ አልወጣ ብሏል።

መጀመሪያ ዓውድ ፕላስተሩን ያንሳ። ያቺ ቀይ መብራት የምትበራው ልታስፈራራው አይደለም፤ ባትሪው ምግብ እያገኘ አይደለም ማለቷ ነው። ባትሪውን የሚመግበው ዲናሞው ነው። ሞተሩ ፊት ለፊት በጎን በኩል ተቀምጦ በቺንጋ፣ በዚያ በላስቲክ ቀበቶ፣ የሚዞር የትንሽ ድስት ያህል ብረት ነው። ባትሪ ብትቀይሩ የተራበውን ልጅ በሌላ የተራበ ልጅ ተካችሁ እንጂ ምንም አላደረጋችሁም።

አሁን የምላችሁን አድርጉ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ይሥራ። ድምፁ ቆሞም ካለ ከጎማ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ ያዙ፤ ጫፉን ዲናሞው ላይ፣ እጀታውን ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ። ቀጥሎ የውሃ ፓምፑን እንዲሁ አድርጉ። ካቻቢቴው ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለይቶ ይነግራችኋል። እጅጌና ሻሽ ከቺንጋው ይራቅ፤ ይህን የምለው ለአንቺ ነው። በመጨረሻ ሞተሩ ሲበርድ ቺንጋውን አውልቃችሁ ለትንሽ ጊዜ ብቻ አስነሱት። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ቺንጋው ከሚያዞራቸው ከአንዱ ነው። አጥፍታችሁ ዲናሞውን በእጅ አዙሩት፤ አሸዋ እንዳለበት ከከረከረ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል።

ደግሞ ጠይቂልኝ፤ ሱሩር ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ነበር? የድሮ መካኒኮች እንዲያ ነው የሚፈትሹት። ነቅሎ ከሆነ ዲናሞውን ከውስጥ አቃጥሎታል፤ ዳግመኛ እጁ እንዳይነካው።

እናቴን እግሯን ሳሚልኝ። ዓውድን ደግሞ ጉድጓድ ዘመድህ አይደለም በይው።

ሐሰቦ

*

ኡም ሰያላ፤ ረቢዕ አል-አወል 24 ቀን 1416

ለወንድሜ ለሐሰቦ

የጠበቀህ ይጠብቅህ፤ ከመንገድ ክፉ፣ ከሰው ዓይን ይሰውርህ። ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት ወገባችንን አሥረን ገባንበት። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ያደረገው መጀመሪያ ዓውድ ነበር፤ ዲናሞውን ሲነካ «ይጮሃል» አለ፣ ፓምፑን ሲነካ «ይጮሃል» አለ፣ የፊት መከላከያ ብረቱንም ሲነካ «ይጮሃል» አለ። ተቀብዬው እኔው አዳመጥኩ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ጭንቅላቷን ኮፈን ሥር ቀብራ ሲያዩ ተማሪዎቼ በአጥሩ ላይ ተደርድረው ሳቁብኝ። ነገር ግን ለየሁት፤ ከዲናሞው ነው። ቺንጋው ሲወልቅ ድምፁ ፈጽሞ ጠፋ፤ በእጃችን ስናዞረውም ከረከረ።

ሱሩርንም ጠየቅሁት። ገመዱን ነቅሏል። እሳት ብልጭ ሲል «ጤነኛ ነው» ብሎ እንደነበር ራሱ ነገረኝ፤ እስካሁንም ጤነኛ ነው ይላል። ተጣላን።

አሁን የማልደብቅህ ነገር አለ። ባለፈው እሑድ መኪናው መንገድ ላይ ቆመ። መጀመሪያ መብራቱ ሁሉ ደበዘዘ፣ ከዚያ ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ። ቢቀሰቅሱትም እምቢ አለ። አክስቴን ከመኪናው ሥር ባለው ጥላ አስተኝተን፣ ሻሿን በውሃ እያራስን፣ የጭነት መኪና አልፎ እስኪጎትተን ጠበቅን። ዓውድ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። እሷ ናት ያጽናናችው። ሐኪሙ ዘንድ ግን ሳንደርስ ተመለስን። ስትተነፍስ አሁን ከበር ውጭ ይሰማል።

ሐሰቦ፣ ዲናሞ እዚህ አይገኝም። አትባራ ያለው አሮጌ ነው፤ ሻጩ ራሱ አልምልበትም አለን። ካንተ በቀር ተስፋ የለንም።

የእናትህ ቃል፦ «ጥላው ጥሩ ነበር፤ አትደንግጥ። መኪና ከሥሩ ስታየው ያስቃል፤ ሆዱ ሁሉ ሽቦ ነው። ይህን ሁሉ ታውቀዋለህ ማለት ነው? አላህ ይባርክህ።»

በቱል

*

ጂዳ፤ ረቢዕ አል-ሳኒ 10 ቀን 1416

ለእህቴ ለበቱል

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ፤ ዛሬ ረጅም ሰላምታ የሚጽፍ እጅ የለኝም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሎኛል። እናቴ መኪና ሥር ተኝታ አስባታለሁ፤ ያውም እኔ በላክሁት መኪና።

ደህና ዲናሞ አግኝቼ፣ ራሴ ፈትቼ፣ ኩሽኔታውን ቀይሬ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አሽከርክሬ ፈትሼዋለሁ። አዲስ ቺንጋም አብሬ አድርጌያለሁ። ኢድሪስ በእጁ ይዞ እስከ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያም በባቡር እስከ አትባራ ያመጣላችኋል። ለሱሩር እንዳትሰጡት። በባቡር ጥገናው የሚሠራው ጎረቤታችን ጃባራ ይግጠመው። የባትሪው ገመድ አስቀድሞ ይነቀል፣ ሞተሩ ጠፍቶ ማለቴ ነው። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫን ትንሽ ብቻ ጎንበስ እስኪል ይወጠር፤ ከዚያ በላይ ከተወጠረ አዲሱንም ኩሽኔታ ይበላዋል።

እስኪገጠም ድረስ በዚያ መኪና አትውጡ። የጭነት መኪና ጋቢና ለምኑላት። ጠዋት ሳይሞቅ ውጡ።

ከተገጠመ በኋላ አትባራ ፖስታ ቤት ሄደሽ ጋራዡ ድረስ ደውይልኝ። ደብዳቤ መጠበቅ አልችልም። የእናቴን ድምፅ ባሰማሽኝ ደግሞ ሌላ ምንም አልለምንሽም።

ሐሰቦ

*

ኡም ሰያላ፤ ጁማዳ አል-ሳኒ 2 ቀን 1416

ለወንድሜ ለሐሰቦ

አላህ ልብህን ያጽናልህ፤ ከደጋግ ሰዎች ጋር ያኑርህ። ደብዳቤዬ እንደዘገየ አውቃለሁ፤ ብዙ ሥራ ነበረብን፣ ቤቱም በእንግዳ ሞልቶ ከረመ። እንዳትቀየመኝ።

ዲናሞው ደርሶናል። ጃባራ እንዳልከው ገጠመው። ያ የሚፈጨው ድምፅ ጠፋ፣ ቀይዋም መብራት ጠፋች። ሞተሩ መነሳቱን የምናውቀው መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነበር። ዓውድ ሰውን ሁሉ እየጠራ «ስሙ» ይላል፤ የሚሰማ ነገር ስለሌለ ሰዉ ግራ ይገባዋል።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ዓውድ አሁን በየጠዋቱ መንገደኛ ጭኖ አትባራ ይሄዳል። ጠዋት መንገድ እንደጀመረ ቺንጋው በኩል ቀጭን ጩኸት ይጮሃል፤ ሙሽራ ገባች ተብሎ የሚለቀቅ እልልታ ነው የሚመስለው። ሰው ከየቤቱ ይወጣል። ቆሞ ሲሠራ ግን ዝም ይላል። የባትሪዋ መብራትና የፍሬኗ መብራት አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ተሳፋሪው የፍሬኗን ሲያይ ቆሌው ተገፍፎ አውርደኝ ይላል። ከቀትር በኋላ ሲመለስ ደግሞ ምንም የለም፤ ጩኸትም መብራትም የለም። ጃባራ ቺንጋውን በጣቱ ጫን ብሎ አይቶ ውጥረቱ ልክ ነው አለ። ፍሬኑ ነው ወይስ ዲናሞው?

ስለ አክስቴ ሩቀያ አትስጋ። አሁን አያማትም።

ስልኩን አልሞከርኩትም፤ የፖስታ ቤቱ ስልክ ድምፅ ይቆራርጣል፣ ሰልፉም ብዙ ነው። አጎታችን ሐጅ ተይፉር ለዑምራ ወደ እናንተ ሊመጣ ወረቀቱን እየጠበቀ ነው። ሲመጣ አንተ ጋ ያርፋል፤ ከሱ ጋር በደንብ ታወራላችሁ። ለመሆኑ እዚያ ከማን ጋር ነው የምትኖረው? ደብዳቤ ስታነብ ሰው አጠገብህ አለ?

በቱል

*

ጂዳ፤ ጁማዳ አል-ሳኒ 15 ቀን 1416

ለእህቴ ለበቱል

አሰላሙ አለይኪ። ዲናሞው በመሥራቱ አላህ ይመስገን። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

በመኪናው ልጀምር፤ ስለሱ የማውቀው ይበዛልና። ሁለቱ መብራቶች አብረው ብልጭ ካሉ ፍሬኑን አትጠርጥሩት። በዚህ መኪና ዲናሞው ሲደክም ሁለቱም በአንድ ሽቦ ይበራሉ። ለተሳፋሪው እንዲህ ብላችሁ ንገሩት፣ ዘሎ እንዳይወርድ። ግን ዲናሞው አዲስ ነው። የሚጮኸው ቺንጋው ከሆነ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው፤ ሲንሸራተት ዲናሞውን አያዞረውም፣ መብራቱም ይበራል። አዲስ፣ ልክ የተወጠረ ቺንጋ ለምን ይንሸራተታል? ቅባት ወይም ውሃ ነክቶት መሆን አለበት። ከሞተሩ ዘይት ይንጠባጠባል? የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል? ማታ የት ነው የሚያድረው? ዲናሞው ከተገጠመ ወዲህ በመኪናው ላይ የጨመራችሁት ወይም የቀየራችሁት ነገር አለ? ሁሉንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

አሁን ወደ ሌላው። እናቴ ለምን ቃል አልላከችም? ታማ አልጋ ይዛ እንኳ ዝም የምትል ሰው አይደለችም፤ ስለ ዓውድ ነጂነት አንድ ነገር ሳትል ደብዳቤ አይታሸግም። ሐኪሙ ምን አላት? እሑድ እሑድ ትሄዳለች? ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፍሽም። ከማን ጋር እንደምኖርስ ምን አስጠየቀሽ? ከሦስት የአገር ልጆች ጋር መሆኔ ካንቺ የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ ልብሳችንን የላክሽው አንቺ ነሽ።

ምንም መለዋወጫ አልልክም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። እኔ የምለምነው ይህን ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ የእናቴ ቃል ይኑርበት፤ ስድብም ቢሆን።

ሐሰቦ

*

ኡም ሰያላ፤ ረጀብ 9 ቀን 1416

ለወንድሜ ለሐሰቦ

ሁሉን የሚያይ አላህ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጄ፣ ጀምሬ ቀድጄ ነው እዚህ የደረስኩት። ስለ መኪናው የጠየቅኸኝን ልመልስልህ።

ዘይት አይንጠባጠብም። ጃባራ ከሥሩ ካርቶን አንጥፎ አሳድሮ አይቶታል፤ ካርቶኑ ንጹሕ ነው። የራዲያተሩ ውሃ እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ አይጎድልም። የሚያድረው እንደድሮው ከኒሙ ዛፍ ሥር ነው። ዓውድን የጨመርከው ነገር አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው ሞተሩን አልነካሁም አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ግን አንድ ጥፋት አጥፍቷል። ሱሩር ሳሙና ቀባው፣ ጩኸቱ ይጠፋል ብሎ መከረው። ደረቅ ሳሙና ይዞ ቺንጋውን ከውስጥ በኩል ፈትጎ ፈትጎ ቀባው። በማግስቱ ጠዋት መንገድ ጀምረን ገና ከመንደሩ ሳንወጣ ከኮፈኑ ሥር ነጭ አረፋ መውጣት ጀመረ። ተሳፋሪው መኪናው እንደ ግመል አበደ ብሎ ተበተነ። ዓውድ እስካሁን አይስቅበትም፤ እኔ ግን ከስንት ጊዜዬ ያን ቀን ሳቅሁ።

ደግሞ ዓውድ አሁን አትባራ የሚደርሰው አርፍዶ ነው። መንገድ ላይ ያለ ግመል ነጂ፣ እንጨት ለቃሚ ሁሉ ከሩቅ እያየው እጁን ያነሳል፤ ሁሉም ጠጥቶ መርቆ እስኪሄድ ይቆማል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ እሱ ግን ለማንም ሳይቆም አያልፍም። ትዕግሥት ከየት እንዳመጣ እንጃ።

የእናትህን ቃል ጠይቀኸኛል። ሐሰቦ፣ እባክህ ሐጅ ተይፉር እስኪመጣ ታገሠኝ። ወረቀቱ ደርሶለታል፤ በዚህ ወር መጨረሻ መርከብ ይይዛል። የሚነግርህን እሱ ይነግርሃል። እስከዚያ ከጓደኞችህ አትለይ፤ ጋራዥም ብቻህን አትዋል።

በቱል

*

ጂዳ፤ ረጀብ 20 ቀን 1416

ለእህቴ ለበቱል

የአላህ ሰላም በአንቺ ላይ ይሁን፤ በዓውድም ላይ፤ በዚያ ቤት በቀሩት ሁሉ ላይ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀትር ላይ ነው። እንደ መኪና ሰው ነው ያነበብኩት፤ ሌላውን ማንበብ ስለፈራሁ። ሳሙና በደረቅ ቺንጋ ላይ አረፋ አያወጣም። ስለዚህ ውሃ አለ። ራዲያተሩ ሙሉ ነው አልሽኝ፤ እንግዲህ የሞተሩ ውሃ አይደለም። በዚህ ወር እናንተ ጋ ዝናብ የለም። ጠዋት ይጮሃል፣ ከቀትር በኋላ ዝም ይላል፤ እንግዲህ ጠዋት ሞልቶ፣ ቀን የሚያልቅ ውሃ ነው። ቆሞ ሲሠራ አይጮህም፣ ሲሄድ ይጮሃል፤ እንግዲህ ከፊት የተንጠለጠለ ነው፣ ነፋስ ነው ነጠብጣቡን በራዲያተሩ አሳልፎ ቺንጋው ላይ የሚረጨው። በመኪናችሁ አፍንጫ ላይ የሚያንጠባጥብ የውሃ ስልቻ ተሰቅሏል።

እዚህ ድረስ እንደ መካኒክ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አገኘሁት ብዬ። ከዚያ ነው የመታኝ። ሾፌር ለራሱ የሚይዘውን ውሃ ከኋላ ያስራል። ከፊት የሚሰቀለው ለመንገደኛ ነው፤ ከሩቅ አይቶ ጠጥቶ ለሞተው እንዲመርቅ። አባቴ ሲሞት እናቴ በራችን ላይ እንስራ አኑራ ነበር፤ የጠጣ ሁሉ «አላህ ይማረው» እያለ ሲያልፍ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ዓውድ ለማን ሰቀለ? በዚያ ቤት አሁን ማን አለ የሚሰቀልለት?

አብረውኝ ያሉትን ልጆች ጠርቼ እናቴ ሞታለች አልኳቸው። ማን ነገረህ አሉኝ። ቺንጋው አልኳቸው። አእምሮው ተነካ ብለው እያዩኝ ቆዩ፤ ደብዳቤሽን ከፍቼ አንድ በአንድ ሳስረዳቸው አንዱ ምንጣፍ ሊያነጥፍ ተነሣ። የሰፈሩ የአገር ሰው ሁሉ መጥቶ የፋቲሃ ዱዓ አድርጎልኛል። ብቻዬን አይደለሁም፤ ለሱ አትጨነቂ። አልቅሻለሁ፤ አሁንም እያለቀስኩ ነው።

አልተቀየምኩሽም። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር እኔም አውቃለሁ፤ በቦታሽ ብሆን እንዳንቺው ሽማግሌ እስኪደርስ ስለ መኪና እጽፍ ነበር። አልዋሸሽኝምም። አሁን አያማትም ነው ያልሽኝ።

ስልቻውን እንዳታወርዱት። ከሾፌሩ በር ኋላ፣ ጭነቱ ላይ ባለው ብረት፣ በጎን በኩል ስቀሉት፤ እዚያም ከሩቅ ይታያል። ቺንጋውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ሳሙናውን አስለቅቁ፣ አድርቃችሁ መልሱት። ጩኸቱም መብራቱም ይጠፋል። አሠሪዬ ይዞት የነበረውን ፓስፖርቴን መለሰልኝ፤ ለረመዳን እመጣለሁ።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ጻፊልኝ፤ ለዚህ ሽማግሌ አትጠብቂ። መኪናው መንገድ ላይ ቆሞባት ነው ወይ? የሞተችው ዲናሞው ሳይደርስ ነው ወይስ ደርሶ? እውነቱን፣ ምንም ይሁን። እዚህ ኮፈን በከፈትኩ ቁጥር አሸዋው ላይ ተኝታ ነው የማያት። ካልነገርሽኝ ይህን ሥራ እተወዋለሁ።

ሐሰቦ

*

ኡም ሰያላ፤ ሻዕባን 3 ቀን 1416

ለወንድሜ ለሐሰቦ

አላህ የአክስቴን ነፍስ በእዝነቱ ይቀበል፤ አንተንም ዓውድንም ለምስኪን ለወገን ያቆያችሁ። መኪናው አልቆመም። ከሰላምታው ቀጥሎ ይህን እንድታነብ ነው ያስቀደምኩት። መኪናው አልቆመም።

ዲናሞው ከተገጠመ በኋላ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ሐኪሙ ዘንድ አደረስናት፣ በሁለተኛውም አደረስናት። በሁለተኛው ሐኪሙ ብዙ አዳመጣት፤ ከዚያ መድኃኒቱን ሳይለውጥ ወደ ቤቷ ውሰዷት አለን። እሷ ገብቷት ነበር መሰለኝ፤ ከሆስፒታሉ ስንወጣ ገበያ አስገቡኝ ብላ ለጎረቤት ልጆች ቴምር ገዛች። ስንመለስ በዓውድና በእኔ መሃል ተቀመጠች። መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው ነበር። ዓውድ ኮራ ብሎ በጣቱ ደጋግሞ ያሳያታል፤ እሷ ደግሞ መንገዱን እይ ትለዋለች።

ከከተማ እንደወጣን ማውራት ጀመረች። ስለ አባትህ አወራች፣ ስለ ልጅነቷ አወራች፣ ስላንተም አወራች። እኔ እጇን ይዤ አዳምጣት ነበር። ቀስ በቀስ ድምፅዋ እያነሰ ሄዶ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ዓውድ ተኛች ብሎ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ጉድጓዱንም ሁሉ እየዞረ አለፈ፤ በሕይወቴ እንዲያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። እኔ እጇ እንደቀዘቀዘ አውቄያለሁ። ግን መሪውን እንዳይለቅ ፈርቼ ቤት እስክንደርስ አልነገርኩትም። ላንተም ያደረግሁት ያንኑ ነው።

ዓውድ ስልቻውን የሰቀለው በሰባተኛው ቀን ነው። ፊት ለፊት ይሁን ያለው እሱ ነው፤ ሰው ከሩቅ ይየው ብሎ። ደብዳቤህን ሳነብለት ቺንጋውን ያስጮኸው እሱ መሆኑን ሰምቶ ትንሽ ደነገጠ፣ ከዚያ ሄዶ በጎን በኩል ሰቀለው። አሁን አይጮህም።

የድሮው ድምፅ ቢኖር ኖሮ፣ ሐሰቦ፣ ያን ቀን አንድ ቃል አልሰማም ነበር። ሞተሩ ዝም ስላለ የተናገረችውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ስላንተ ያለችውንም። እሱን በወረቀት አልጽፈውም። ስትመጣ አትባራ ባቡር ጣቢያ እኔና ዓውድ እንቀበልሃለን፤ በሷ ቦታ መሃል ትቀመጥና መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።

እህትህ በቱል